ሙባረክ ቢን ለንደን፦ የአል ዓይንን ትናንት በፀሐይ ብርሃን ያስቀረ ሰው

በአል ዓይን ከተማ የሚገኘው የአል ጃሂሊ ምሽግ በቀዳማዊ ሼክ ዛይድ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተገነባ ነው። ዛሬ በውስጡ ቋሚ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ይገኛል። ፎቶግራፎቹን ያነሣው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ሲሆን የበረሃው ሰዎች ሙባረክ ቢን ለንደን በሚል ስም ያውቁታል። የዚህ ሰው ሕይወት ግን የጀመረው በለንደን ሳይሆን በአዲስ አበባ ነው።

ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 በአዲስ አበባው የብሪታንያ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ፤ አባቱም በዚያ የአገሩ መልእክተኛ ነበር። በ1916 የሥልጣን ትግል በተነሣ ጊዜ የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ ለደኅንነቱ ሲባል በዚሁ ግቢ ተጠልሎ ቆይቷል። ቤተሰቡ በ1919 ወደ እንግሊዝ ቢመለስም የልጅነት ትዝታው ከቴሲጀር ልብ አልወጣም። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተጋብዞ ዳግም አዲስ አበባ ገባ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ለማየት ተነሣ። የአፋርን ምድር አቋርጦ በአውሳ ሱልጣኔት በኩል አለፈ፤ ከሱልጣን ሙሐመድ ያዮም የመተላለፊያ ፈቃድ አገኘ። በ1934 ወንዙ የሚያበቃበትን የአቤ ሐይቅ አይቶ እስከ ታጁራ ዘለቀ።

ወደ ዓረቢያ የሚወስደው መንገድም የተከፈተለት በአዲስ አበባ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የበረሃ አንበጣን የሚከታተለው ድርጅት ኃላፊ በዚያ አግኝቶት በደቡብ ዓረቢያ የአንበጣ መራቢያ ስፍራዎችን እንዲያጠና ሥራ ሰጠው። ቴሲጀር ከ1946 እስከ 1948 ባለው ጊዜ ሩብ አል ኻሊን ከቤዱዊን ባልንጀሮቹ ጋር ሁለት ጊዜ በግመል አቋረጠ። ሳሊም ቢን ካቢና እና ሳሊም ቢን ጋባይሻ ከጓደኞቹ መካከል የታወቁት ናቸው። ውኃውንም ረኃቡንም እኩል ተካፈሉ።

ሁለተኛው ጉዞ በመጋቢት 1948 አቡ ዳቢ ላይ አበቃ። በጊዜው ከተማዋ ወደ 2,000 ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት የባሕር ዳር መንደር ነበረች። ገዥው ሼክ ሻኽቡጥ በእንግድነት ተቀበሉት። ከዚያም ወደ አል ሙወይጂ ምሽግ አቀና። በዚያ የአል ዓይን አካባቢ የገዥው ወኪል የነበሩት ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን፣ አላህ ይርሓማቸው፣ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ገደማ ላይ ነበሩ። እንግዳው ያገኛቸው ከምሽጉ ውጭ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከሕዝቡ ጋር በመሬት ላይ ተቀምጠው አቤቱታ ሲሰሙ ነው። በኋላም በጭልፊት አደን አብሯቸው ወጥቷል።

ቴሲጀር መኪናንና አውሮፕላንን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር፤ አንድ መሣሪያ ግን ከእጁ አይለይም ነበር። ይህም በ1934 የገዛት ላይካ ካሜራ ናት። ከአሸዋ እንድትጠበቅ በፍየል ቆዳ ከረጢት ይይዛት ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ካሜራዋ የፍላሽ መሰኪያ የላትም፤ በጊዜው የነበረው የፍላሽ አምፖልም አንዴ በርቶ የሚጣል ብርጭቆ በመሆኑ ለግመል ጉዞ አይመችም። ስለዚህ መብራቱ ፀሐይ ነበረች።

የበረሃ ፀሐይ ደግሞ ሰዓት ትመርጣለች። በቀትር ከአናት ስትወርድ ዓይንን በጥላ ትሸፍናለች፤ ጠዋትና ማታ ከጎን ስትመጣ ግን የፊትን መስመር፣ የጨርቅን እጥፋት፣ የአሸዋን ሞገድ አጉልታ ታሳያለች። ነጩ አሸዋና ነጩ ልብስ ብርሃኑን መልሰው ወደ ጥላው ይልካሉ።

ዛሬ በቤት ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ሰው በፍላሽ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ከፊት ለፊት ስለሚመታ ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል። ከካሜራው ተነጥሎ ወደ ጎን ሲቆም ግን እንደ ማለዳ ፀሐይ ቅርጽን ያወጣል፤ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲነጥር ደግሞ እንደ አሸዋው ጥላን ያለዝባል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ፀሐይ የማትጠይቀውን ልክ ፍላሽ ከባለቤቱ ይጠይቃል። የመጅሊስ መስኮትም ለሚያስተውል ሰው ከጎን የተቀመጠ መብራት ነው።

ቴሲጀር የዓረቢያ ጉዞውን የተረከበት መጽሐፍ በ1959 ታተመ። በ1977 ወደ አቡ ዳቢ ሲመለስ መንገዱን፣ ፎቁንና መኪናውን አይቶ እጅግ አዘነ፤ የሚወደው ዓለም ለዘላለም የጠፋ መሰለው። ሐዘኑ ግን የእንግዳ ሐዘን ነበር። ቢን ካቢናን ለመሰሉ ሰዎች ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤትና የማይነጥፍ ውኃ ማለት የልጆች ሕይወት ማለት ነው። በ1990 ፎቶግራፎቹ በአቡ ዳቢ ለዕይታ በቀረቡ ጊዜ ዳግም መጣ። በዚህ ጉብኝቱ ልቡ ለዘ፤ ለውጡ የማይቀር መሆኑንም ተቀበለ።

በነሐሴ 2003 በ93 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር አረፈ። ከ38,000 በላይ የሆኑ የፊልም ኔጌቲቮቹ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። እርሱ የጠፋ ዓለም ማስታወሻ አድርጎ ያነሣቸው ምስሎች በአል ጃሂሊ ግድግዳ ላይ ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ የዛሬው ትውልድ አያቶቹ በምን ትዕግሥትና በምን ክብር እንደኖሩ በዓይኑ ያይባቸዋል።