ብረት ሠሪው ጆን ዲርና የገበሬዎች ማረሻ

ገበሬ ያለ ማረሻ ምድሩን አያርስም፤ ማረሻም ያለ ብረት ሠሪ አይገኝም። ስለዚህ በገጠር የብረት ሠሪው ምድጃ በሚነድበት ስፍራ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ የደነዘዘውን ሊያስስል፥ ሌላው የተሰበረውን ሊያስጠግን ይመጣል። እንዲህ ካሉት ብረት ሠሪዎች አንዱ አሜሪካዊው ጆን ዲር ነበረ። ታሪኩንም ከዚህ ቀጥሎ እንናገራለን፤ የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆን ዲር በ1804 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ ቬርሞንት በሚባለው አገር፥ ራትላንድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበረ። ልጁ ገና አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ በመርከብ ተሳፈረ፤ ከዚያም ወዲህ ወሬው አልተሰማም፤ በባሕር እንደ ጠፋ ይታመናል። እናቱም ልጆችዋን ብቻዋን አሳደገች።

ጆን ዐሥራ ሰባት ዓመት በሆነው ጊዜ ሚድልበሪ በምትባል ከተማ ለሚኖር ብረት ሠሪ ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ፤ ከእርሱም ዘንድ አራት ዓመት ተማረ። ይህ ትምህርት በዓይንና በእጅ የሚገኝ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ወናፉን መንፋት ይለምዳል፤ ነፋሱ ሲያንስ እሳቱ ይደክማል፥ ሲበዛም ከሰሉ በከንቱ ያልቃል። ቀጥሎም የጋለውን ብረት በመልኩ መለየት ይማራል፤ ጥቍር ቀይ ሲሆን ገና ነው፥ ብጫ ሲሆን ለመዶሻ ይገዛል፥ ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ ሲረጭ ግን መቃጠሉ ነው። ከዚያም በጕጠት ይዞ በመስፉ ላይ ያኖረዋል፤ ሳይቀዘቅዝም ፈጥኖ ይቀጠቅጠዋል። የቀዘቀዘውን የሚመታ ሰው ክንዱን ያደክማል እንጂ ብረቱን አያቀናም።

ጆን ዲር ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ለራሱ ይሠራ ጀመር። የድርቆሽ መንሽና አካፋ ሲሠራ፥ ብረቱን እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ ይወለውለው ነበረ፤ ገበሬዎችም ሥራውን ወደዱለት። ነገር ግን መከራ አገኘው። የሠራው የብረት ቤት በእሳት ተቃጠለ፤ እንደ ገናም ቢሠራው ዳግመኛ ተቃጠለ። ዕዳውም በረታበት። በ1836 ዓ.ም. ሚስቱንና ልጆቹን በዚያው ትቶ፥ ጥቂት ገንዘብና የእጁን መሣሪያ ብቻ ይዞ፥ እንጀራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተሰደደ።

ከብዙ መንገድም በኋላ ኢሊኖይ በሚባለው አገር፥ በሮክ ወንዝ ዳር፥ ግራንድ ዲቱር ወደምትባል ትንሽ መንደር ደረሰ። ያ ምድር አስቀድሞ የነባር ሕዝቦች ርስት ነበረ፤ እነርሱ በጦርነትና በውል ከተገፉ በኋላ ከምሥራቅ የመጡ ገበሬዎች ሰፈሩበት። በመንደሩ ብረት ሠሪ አልነበረም፤ የእንጨት መሰንጠቂያው መኪና ዘንግ ተሰብሮ ሥራው ቆሞ ነበረ። ጆን ዲርም በደረሰ ጊዜ ምድጃ ሠርቶ፥ እሳት አንድዶ፥ በሁለት ቀን ውስጥ ዘንጉን ጠገነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራ አላጣም።

ወደ እርሱ የሚመጡት ገበሬዎች ግን ሁሉም አንድ ነገር ያማርሩ ነበረ። በቀድሞ አገራቸው አፈሩ አሸዋማ ስለ ነበረ ከማረሻው ላይ በቀላሉ ይረግፍ ነበር። የኢሊኖይ አፈር ግን ጥቍር፥ ወፍራምና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነው። ማረሻቸው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ፥ ገጹም ሻካራ ስለ ሆነ ጭቃው ይለጠፍበታል። ስለዚህ ገበሬው ጥቂት እርምጃ በሄደ ቍጥር ከብቶቹን አቁሞ ጭቃውን በእንጨት ይፍቀዋል፤ እንደ ገናም ጥቂት ሄዶ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን ቀኑ ይመሻል፥ እርሻውም አያልቅም።

ጆን ዲር ይህን አቤቱታ ሰምቶ ዝም አላለም፤ ስንፍናም ነው ብሎ አልነቀፋቸውም፤ ነገሩን በልቡ ያመላልሰው ነበር እንጂ። በ1837 ዓ.ም. ከመሰንጠቂያው ቤት የተሰበረ መጋዝ አገኘ። መጋዙ ከዐረብ ብረት የተሠራ፥ ጠንካራና ልስልስ ነበረ። ከዚህ በፊት የወለወላቸው መንሾችና አካፋዎች ምን ያህል ልስልስ እንደ ነበሩ ያውቃልና፥ ጭቃው ከተወለወለ ብረት ላይ እንደሚንሸራተት ተስፋ አደረገ። የመጋዙን ጥርሶች ቈርጦ ጣለ፤ ብረቱን አግሎ ለማረሻው ስለት አደረገው። አፈሩን የሚገለብጠውንም ሰፊ ክንፍ አጕብጦ ወለወለው። በእርሻ ውስጥ በተፈተነም ጊዜ ጥቍሩ አፈር ሳይጣበቅ እየተገለበጠ ወደቀ፤ ገበሬውም ለመፋቅ ሳይቆም ትልሙን ፈጸመ።

ከእርሱ አስቀድሞ በ1833 ዓ.ም. ጆን ሌን የሚባል ሌላ ብረት ሠሪ በዚያው በኢሊኖይ በመጋዝ ብረት ማረሻ ሠርቶ ነበር። የጆን ዲር ምስጋና ግን ሥራውን ባለማቋረጡ ነው። ሌላው ሰው እስኪያዘው ሳይጠብቅ ማረሻ ሠርቶ ያኖር ነበር፤ ገበሬዎችም ጉድለቱን ሲነግሩት መልሶ ያሻሽለው ነበር። በሥራ የተባበረው አንድ ሰው በዚህ ነገር ተቈጥቶ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ማረሻው ቢያንስም ቢበልጥም ገበሬዎቹ የተሰጣቸውን መግዛታቸው አይቀርም ይል ነበርና። ጆን ዲር ግን እኛ ካላሻሻልነው ሌላ ሰው አሻሽሎ ገበያችንን ይወስደዋል ብሎ እንቢ አለ።

የተሰበረ መጋዝ ሁልጊዜ ስለማይገኝ በ1843 ዓ.ም. ዐረብ ብረት ከእንግሊዝ አገር፥ ከሼፊልድ ከተማ አስመጣ። በ1848 ዓ.ም. የሚሲሲፒ ወንዝ ኀይል መኪናውን እንዲያዞርለት ወደ ሞሊን ከተማ ተዛወረ። አስቀድሞ አንድ ማረሻ በአንድ መስፍ ላይ ይሠራ የነበረው ሰው፥ እስከ 1855 ዓ.ም. ድረስ ፋብሪካው ከ10,000 የሚበልጡ ማረሻዎች ሸጠ። ሚስቱና ልጆቹም ቀድሞ መጥተው ከእርሱ ጋራ ይኖሩ ነበር። ኋላም የሞሊን ሰዎች የከተማቸው ሹም አደረጉት። በ1886 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ በዚያው ሞተ።

ልጆች ሆይ፤ ጆን ዲር ያገኘው ብረት ለሌላው ሰው ውዳቂ ነበረ፤ የሰማውም ነገር ለሌላው ሰው የገበሬ ማጕረምረም ነበረ። እርሱ ግን ውዳቂውን በዓይኑ መረመረ፥ ማጕረምረሙንም በጆሮው ተቀበለ፤ ከሁለቱም ለብዙ ሰው እንጀራ የሚሆን ነገር አወጣ። እናንተም ነገ ብረት ብትቀጠቅጡ፥ እንጨት ብትጠርቡ፥ ወይም ልብስ ብትሰፉ፥ ሥራችሁን ከእጃችሁ ካወጣችሁ በኋላ አትርሱት። በእርሱ የሚሠራበት ሰው ምን እንደሚል ጠይቁ። ጉድለቱን የሚነግራችሁ ሰው ጠላታችሁ አይደለም፤ ሁለተኛ መምህራችሁ ነው።