ሮኬት ሳይሠራ የሮኬትን ቀመር ያወጣው መምህር

ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1857 በሩሲያ ገጠር ተወለደ። 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከባድ ትኩሳት ያዘውና ጆሮው መስማት ተሳነው። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ሞቱበት። አስተማሪው የሚሉትን መስማት ስላልቻለም ከትምህርት ቤት ወጣ።

16 ዓመቱ ላይ አባቱ ወደ ሞስኮ ላኩት። እዚያም ትምህርት ቤት አልገባም፤ ውሎው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ከቤት የምትላክለትን ትንሽ ገንዘብ ለመጽሐፍና ለኬሚካል እያዋለ፣ እሱ ጥቁር ዳቦ እየበላ ሒሳብና ፊዚክስ በራሱ ተማረ። በኋላ የመምህርነት ፈተና አልፎ መጀመሪያ ቦሮቭስክ፣ ከዚያ ካሉጋ በተባሉ ከተሞች አስተማረ።

ሮኬትን ያሰላው ከማስተማር በተረፈው ሰዓት ነው። ነገሩን በፊኛ እንየው። ነፍታችሁ አፉን ሳታስሩ ብትለቁት አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይፈተለካል። ሮኬትም ያው ነው፤ የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ኋላ እየወረወረ ወደ ፊት ይሄዳል። የሚገፋው አየር ስለማያስፈልገው ባዶ ሕዋ ውስጥም ይሠራል። ችግሩ ነዳጅ ያለ ኦክስጅን አይነድም፣ ሕዋ ላይ ደግሞ ኦክስጅን የለም። የጺዮልኮቭስኪ መልስ ኦክስጅኑንም አብሮ መጫን ነበር።

በ1903 ቀመሩን አሳተመ። የሮኬት ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ጋዙ በሚወጣበት ፍጥነት፣ እና ነዳጅ የሞላው ሮኬት ከባዶው ስንት እጥፍ እንደሚከብድ። ነዳጅ ስትጨምሩ የጨመራችሁትንም መሸከም ስላለ፣ ነዳጁን እጥፍ ማድረግ ፍጥነቱን እጥፍ አያደርገውም። ለዚህ ነው ባሩድን ትቶ ጋዛቸው በጣም ፈጥኖ የሚወጣውን ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ኦክስጅን የመረጠው።

ያኔ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ወንድ ልጁ ራሱን አጥፍቶ ነበር። በ1908 ደግሞ ወንዝ ሞልቶ ቤቱ ገባና ብዙ ወረቀቶቹን አበላሸበት። እሱ ግን መጻፉን አላቆመም። በ1929 በባቡር ፉርጎ መልክ የተቀጣጠለ፣ ነዳጁ ያለቀበትን ክፍል እየጣለ የሚወጣ ሮኬት አሰበ።

በ1935 ካሉጋ ውስጥ ሲሞት በእጁ የሠራው አንድም የሕዋ ሮኬት አልነበረም። በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደው ሮኬት ግን ባለ ሦስት ደረጃ ነበር፤ የላይኞቹ ሁለቱ የነደዱት በሃይድሮጅንና በኦክስጅን ነው። ዩሪ ጋጋሪን ደግሞ በ1961 ሕዋ ደርሶ በተመለሰ በሁለት ወሩ ካሉጋ ሄዶ፣ በመምህሩ ስም ለሚሠራው ሙዚየም የመሠረት ድንጋይ አስቀመጠ።