ሆሜርን ይዞ የተጓዘ ሰው

ሃይንሪሕ ሽሊማን በ1822 (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ጀርመን ከአንድ የሉተራን ቄስ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ተቀጠረ፤ ኋላም ወደ ሩስያ ተሻግሮ በንግድ ከበረ።

ሀብቱ ከሞላ በኋላ ግን ልቡ በጥንታውያን ግሪኮች ተረት ተያዘ። በ1868 በሆሜር ግጥም እየተመራ የኦዲሴዎስን አገር ኢታካን ጎበኘ። በሚቀጥለው ዓመት ከሩስያዊት ሚስቱ ተፋትቶ የ17 ዓመቷን ግሪካዊት ሶፍያን አገባ። የወለዷቸውንም ልጆች አንድሮማኬና አጋሜምኖን ብሎ ሰየማቸው፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ በሆሜር ዓለም የሚኖር መሰለ።

በ1871 ፈቃድ አግኝቶ ትሮያን ፍለጋ የሂሳርሊክን ኮረብታ ይቆፍር ጀመር። ስፍራውን ያመለከተው በዚያው አገር የሚኖረው ፍራንክ ካልቨርት ነበር፤ ዝናው ግን ለሽሊማን ሆነ። በ1873 ወርቅ አገኘና የንጉሥ ፕርያሞስ ሀብት ነው አለ። ሶፍያም አብራው እንደ ነበረች ጻፈ፤ እርሷ ግን ያን ጊዜ አቴና ነበረች። ወርቁም ሆሜር ከተረከው ጦርነት 1,000 ዓመት ያህል የሚቀድም ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ፥ የሚፈልጋትን ከተማ ብዙ ክፍል የራሱ ቁፋሮ አፍርሶት ነበር።

በ1876 በሚኬኔ የከበሩ መቃብሮችን አግኝቶ በ1890 ኔፕልስ ላይ ሞተ።

እንግዲህ ተማሪ ጓደኞቼ፥ ምን እንፍረድ? ሌሎች ተረት ብለው የናቁትን መጽሐፍ አምኖ መነሣቱ ያስመሰግነዋል። ያልነበረውን ነበረ ማለቱ ግን፥ መጽሐፍ ለምንወድ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው።