ሣጥኑን ሰብሮ የወጣ ሥር፦ የቶይቺ ዶሞቶ ሕይወት

አበባ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሠርግ ወይም ስጦታ ነው። አበባው እጃችን እስኪገባ ድረስ ያለው ልፋት፣ የመሬት ጣጣ፣ አንዳንዴም እስር አይታየንም። ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ማየት ለሚፈልግ የአሜሪካዊው አበባ አብቃይ የቶይቺ ዶሞቶ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአባቱ ነው። ካኔታሮ ዶሞቶ ከጃፓን ዋካያማ ተነስቶ በ1880ዎቹ ካሊፎርኒያ ገባ። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በኦክላንድ ከተማ የችግኝ ጣቢያ ከፈተ። ካሜሊያ፣ አዛሊያና ሌሎችንም ተክሎች ከጃፓን በመርከብ እያስመጡ ይሸጡ ነበር። ከአገር ቤት የሚመጡ ወጣቶች እዚያ ተቀጥረው ሙያውን ይማሩና በኋላ የራሳቸውን ይከፍታሉ። በዚህም የተነሳ ቦታው "ዶሞቶ ኮሌጅ" የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ዲፕሎማ የለውም እንጂ ያስመረቃቸው ብዙ ናቸው። በ1912 ጃፓናውያን አብቃዮች በሳን ፍራንሲስኮ የራሳቸውን የአበባ ገበያ በሕግ እስከማቋቋም ደረሱ።

ቶይቺ በ1902 ኦክላንድ ውስጥ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆኖ ተወለደ። አሥር ዓመት እንዳለፈው፣ በ1913፣ ካሊፎርኒያ ዜግነት ማግኘት የማይፈቀድላቸው የውጭ ሰዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ስማቸውን ባይጠራም ያነጣጠረው በጃፓናውያን ላይ ነበር። አዲስ መጤ አባት መሬት መግዛት አይችልም፤ እዚያው የተወለደ ልጁ ግን ዜጋ ስለሆነ ይችላል።

ቶይቺ መጀመሪያ ስታንፎርድ ገብቶ ሜካኒካል ምህንድስና ጀመረ። ነገር ግን ቢመረቅም ጃፓናዊ መልክ ያለውን መሐንዲስ የሚቀጥር እንደማያገኝ ተረዳ። በቃ፣ ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የአበባ ልማት አጠና። ከዚያም በ1920ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በሃይዋርድ የራሱን የችግኝ ጣቢያ አቋቋመ። ጥሩ ነገር አደረገ፤ ምክንያቱም በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ የአባቱ የኦክላንድ ይዞታ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ።

የባሰው ግን ገና ነበር። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ፣ የካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትዕዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆች ከምዕራብ ጠረፍ ተነቅለው በካምፕ ታጎሩ። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛው እንደ ቶይቺ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም። ቶይቺም ቤተሰቡን ይዞ ኮሎራዶ ወደሚገኘው አማቼ ካምፕ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ዛፍ መጥቀስ ያስፈልጋል። ለ1915ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ዓለም አቀፍ ትርዒት ከጃፓን የመጣ የሜፕል ቦንሳይ በዶሞቶዎች እጅ ገብቶ ነበር። ቦንሳይ በመያዣ ውስጥ ስለሚኖር ውኃ የሚሰጠው ሰው ካጣ ይደርቃል። ታዲያ ባለቤቶቹ በታሰሩበት ጊዜ የዛፉ ሥር የተተከለበትን ሣጥን ሰብሮ ወደ መሬት ወረደና ራሱን አተረፈ። ዛፉ ዛሬ በዋሺንግተን ግዛት በሚገኘው የፓስፊክ ቦንሳይ ሙዚየም የቤተሰቡን ስም ይዞ ቆሟል።

ከጦርነቱ በኋላ ቶይቺ ወደ ሃይዋርድ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። በካሜሊያና በፒዮኒ ማዳቀል ስሙ የታወቀ ሆነ፤ የካሊፎርኒያ የአትክልት ልማት ማኅበርም ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠው። በ1988 የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠይቆ ከካምፕ ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ ወሰነ። ብዙ አባቶች ግን ይህን ሳያዩ አልፈዋል። ቶይቺ በ2001፣ በ98 ዓመቱ አረፈ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሕይወት በዝርዝር ልናውቀው የቻልነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የቃል ታሪክ ባለሙያዎች ከሽማግሌው ጋር ቁጭ ብለው በቴፕ ስለቀዱት ነው። መቅጃ የያዘ ሰው ባይደርስ ኖሮ አበባው ይቀር ይሆናል፤ ታሪኩ ግን ከሰውየው ጋር ይቀበር ነበር።