ስቲቭ ማክዊን፦ ዝነኛ ያደረጋትን መኪና መልሶ መግዛት ያልቻለው ተዋናይ

በአውሮፓውያኑ ጥር 2020 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ኪሲሚ ከተማ በተካሄደ ጨረታ ላይ አንዲት አረንጓዴ ፎርድ መስታንግ ለሽያጭ ቀረበች። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ገላዋን እዚህም እዚያም ዝገት ነክቶታል። በዚያው ጨረታ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ፣ ከፋብሪካ የወጡበትን ዕለት እንዲመስሉ የታደሱ አሮጌ መኪኖች ተሰልፈው ነበር። ያልታደሰችው መስታንግ ግን 3.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ከአጫራቹ ክፍያ ጋር ሲደመር ዋጋዋ 3.74 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ከ40 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ይህችኑ መኪና ለመግዛት አጥብቆ የፈለገ አንድ ሰው ነበር። አልተሸጠችለትም። ያ ሰው መኪናዋን ለዝና ያበቃት ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን ነው።

ማክዊን የተወለደው በመጋቢት 1930 በኢንዲያና ግዛት ነው። አውሮፕላን አብራሪ የነበረው አባቱ ጥሎት የሄደው ገና ጨቅላ ሳለ ነበር። እናቱ ልታሳድገው ባለመቻሏ በሚዙሪ ግዛት፣ ስሌተር በተባለች አነስተኛ ከተማ በሚገኝ የዘመድ እርሻ ላይ አደገ። አራት ዓመት ሲሞላው የእናቱ አጎት ቀይ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ሰጠው። ለፍጥነት ያደረበት ፍቅር የጀመረው ከዚያች ስጦታ እንደሆነ ኋላ ላይ ይናገር ነበር።

በልጅነቱ አንድ ጆሮው በሕመም ተጎዳ፤ ማንበብም ይከብደው ነበር። በጉርምስናው ከእንጀራ አባቱ ጋር ሊስማማ ባለመቻሉና ከጎዳና ልጆች ጋር በመግጠሙ በካሊፎርኒያ፣ ቺኖ ወደሚገኝ የታዳጊዎች ማረሚያ ተቋም ተላከ። ተቋሙን ግን በምሬት አላስታወሰውም። ከበረ በኋላም እየተመላለሰ ታዳጊዎቹን ይጎበኝ ነበር፤ በኑዛዜውም ለተቋሙ ገንዘብ ትቷል።

በ1947 የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ ጦርን ተቀላቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሰናበት፣ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች በመደበው የትምህርት ድጋፍ ኒው ዮርክ ውስጥ ትወና ተማረ። በእረፍት ቀናቱ በሞተር ብስክሌት እየተወዳደረ ገንዘብ ያገኝ ነበር። በ1960 እና በ1963 ለእይታ የበቁት ‘ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን’ እና ‘ዘ ግሬት ኢስኬፕ’ የተሰኙት ፊልሞች ከሆሊውድ ታላላቅ ከዋክብት ተርታ አሰለፉት።

መኪናዋ ወደ ሕይወቱ የገባችው በ1968 ነው። ያ ዘመን የዲትሮይት ፋብሪካዎች ‘መስል ካር’ እየተባሉ የሚጠሩትን፣ ትልቅና ጉልበታም ሞተር የተገጠመላቸውን መኪኖች በብዛት የሚያመርቱበት ነበር። ‘ቡሊት’ ለተሰኘው ፊልም ሁለት ተመሳሳይ አረንጓዴ መስታንጎች ተዘጋጁ። ባለስምንት ሲሊንደር ሞተራቸው 6.4 ሊትር ሲሆን፣ 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከከፍታ ወደ ቁልቁለት ሲዘሉ እንዳይሰበሩም አካላቸውና ሞላቸው ተጠናከረ።

በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት የተቀረጸው የማሳደድ ትዕይንት 11 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አደገኛ የሆኑትን ዝላዮች የነዱት ሙያተኞች ቢሆኑም ከቀረው የተወሰነውን የነዳው ማክዊን ራሱ ነው። በአንድ ቅጽበት መታጠፊያውን ስቶ አለፈ፤ ጎማው እየጨሰ ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህ ስህተት ተቆርጦ አልወጣም፤ በፊልሙ ውስጥ ዛሬም ይታያል። ፊልሙ በአርትዖት የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ከቀረጻው በኋላ ሁለቱ መኪኖች ተለያዩ። ብዙ ዝላይ የዘለለችው የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀረ። ሌላኛዋ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ ነዋሪ ገዛት። ባለቤቱ መምህርት ነበረች፤ ወደ ትምህርት ቤት የምትመላለሰውም በዚህችው መኪና ነበር።

ማክዊን የመኪናዋን መገኛ ሲያውቅ፣ በታኅሣሥ 1977 ለባለቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። መኪናዋን ለራሱ ማስቀመጥ እንደሚፈልግ ገልጾ፣ ዋጋው ካልተጋነነ ሌላ መስታንግ ፈልጎ ሊተካለት እንደሚችል ሐሳብ አቀረበ። ቤተሰቡ ግን መኪናዋን አልሸጠም።

በ1980 የመስታንጓ ፍሪሲዮን ተበላሸና ከመንገድ ወጣች። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ማክዊን በአስቤስቶስ ምክንያት ከሚመጣ የካንሰር ዓይነት ጋር ሲታገል ቆይቶ፣ በሜክሲኮ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በ50 ዓመቱ ሞተ።

መኪናዋ ለአሥርት ዓመታት ከሕዝብ ዓይን ተሰውራ ቆይታ በ2018 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ ብቅ አለች። እውነተኛዋ ስለመሆኗ ማረጋገጫ የሆነው ቀለሟ አልነበረም። ያንን አረንጓዴ ቀለም ማንኛውም ጋራዥ ሊቀባው ይችላል። ማስረጃው በላሜራዋ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነበር። በዚያ ዘመን የፎርድ ቁጥር የመጀመሪያው አሃዝ የምርት ዓመቱን፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ፋብሪካውን፣ ከዚያ የሚከተሉት ደግሞ የአካሉንና የሞተሩን ዓይነት ይናገራሉ። በመጨረሻ የመኪናዋ የራሷ ተራ ቁጥር ይመጣል። ይህ ቁጥር ከፊልም ኩባንያው ሰነዶች ጋር ተመሳከረ። ለካሜራ ማሰሪያ ተብሎ የተበየደው ብረትም ከሥሯ አልተነቀለም ነበር።

የጠፋችው ሁለተኛ መኪና ታሪክ የዚህን ትርጉም ይበልጥ ያጎላዋል። በ2017 በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ የተገኘችው ይህች መኪና ሞተር አልነበራትም። የገዟት ሰዎች አድሰውና ቀለሟን ለውጠው በሌላ ፊልም የታወቀች መስታንግ ሊያስመስሏት ተዘጋጅተው ነበር። ማንነቷ የታወቀው የሻንሲ ቁጥሯ ሲጣራ ነው፤ ቁጥሩ ከእህቷ ቁጥር በአንድ ብቻ ያነሰ ነበር። ሥራው ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ዝላዮቹን እንድትችል የተሠራላት ማጠናከሪያ ሁሉ በመጋዝና በስቱኮ በጠፋ ነበር።

የታደሰ አሮጌ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብለት ጠንቃቃ ገዢ ማግኔት ይዞ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ማግኔቱ ላሜራው ላይ አልጣበቅ ካለ፣ ከሚያብረቀርቀው ቀለም በታች ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ወለሉንና ሻንሲውን ከሥር ያያል፤ ቁጥሩ እንዳልተፋቀና እንዳልተበየደ ይመረምራል፤ ከዚያም ሰነድ ይጠይቃል።

በኪሲሚ የቀረበችው መኪና ሰነዶች ውስጥ አንዱ የማክዊን ደብዳቤ ነበር። በሕይወት ሳለ መኪናዋን ሊያስገኝለት ያልቻለው ያ ወረቀት፣ እሱ ከሞተ ከ39 ዓመታት በኋላ ዋጋዋን ከፍ ካደረጉት ማስረጃዎች መካከል ተቆጠረ።