ቤንታም የደበቀው ጽሑፍ

ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ «ዩቲሊቲ» የምትባለዋን ቃል አትረሷትም። ማይክሮ ላይ ከርቭ እየሳልን የተሰቃየንባትን ማለቴ ነው። ከቃሏ ጀርባ ያለውን ጄረሚ ቤንታምን ግን በአንድ መስመር ነው ያለፍነው። እኔ ሰውየውን የወደድኩት ከተመረቅኩ በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ባልሰማሁት ታሪኩ ነው።

ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1748 ለንደን ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ነበርና ልጁን ገና በ12 ዓመቱ ኦክስፎርድ አስገባው። ሕግ ተማረ፣ ጥብቅናው ግን አልሆነለትም። ችሎት ቆሞ ከመከራከር ይልቅ ሕጉን ራሱን መመርመር ያዘ። መለኪያው አንድ ነው፦ ይሄ ሕግ የሚጨምረው የሰውን ደስታ ነው ወይስ ስቃዩን?

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ወንድ ከወንድ ጋር ግንኙነት ከፈጸመ ቅጣቱ ስቅላት ነበር። ከ1533 ጀምሮ የቆየ ሕግ ነው። ቤንታም በ1785 ገደማ ቁጭ ብሎ ይሄንኑ ሕግ በመለኪያው መዘነው። ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው ባደረጉት ነገር ማን ተጎዳ ብሎ ፈለገ፤ ተጎጂ አጣ። የሕዝብ ቁጥር ይቀንሳል ለሚሉትም መልስ ነበረው፤ እንደዚያማ ከሆነ መጀመሪያ መቀጣት ያለባቸው የማያገቡት መነኮሳት ናቸው ብሎ አፌዘባቸው። ሕጉ «እከስሃለሁ» እያሉ ገንዘብ ለሚቀበሉ አስፈራሪዎች እንጀራ መሆኑንም አየ። በመጨረሻ የቀረው መጸየፍ ብቻ ነው። ስለተጸየፍኩት ይገደል ከተባለማ፣ ሃይማኖቱ የተለየ ሰው ሲቃጠል የኖረውም በዚሁ ስሜት ነው።

ልብ በሉ፣ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ልዩ መብት አልጠየቀም። ስቃያቸው እንደማንኛውም ሰው ስቃይ ይቆጠር ነው ያለው። ለእኔ እኩልነትን ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠ የለም።

ግን አላሳተመውም። ፈራ። ለእነሱ የተከራከረ ሰው አንተም ከእነሱ ነህ እንደሚባል አሳምሮ ያውቃል። ዕድሜው 60 ካለፈ በኋላ እንደገና ተመልሶበት ብዙ ገጽ ጻፈ፤ ያንንም ሳያሳትም ቀረ። ስለ ንጉሥና ስለ ቤተ ክርስቲያን በድፍረት የጻፈ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። አልፈርድበትም።

በ1832 ሞተ። በኑዛዜው መሠረት ሬሳው ለሕክምና ትምህርት ዋለ፤ አጽሙ ደግሞ ልብስ ለብሶ እስከ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ውስጥ ተቀምጧል (ጉድ እኮ ነው!)። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1835፣ ጄምስ ፕራትና ጆን ስሚዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እዚያው ለንደን በዚሁ ድርጊት ተከሰው ተሰቀሉ። እንግሊዝ በዚህ ምክንያት የሰቀለቻቸው የመጨረሻዎቹ እነሱ ናቸው። የሞት ቅጣቱ በ1861 ተነሣ። በእንግሊዝና በዌልስ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ የቀረው ግን በ1967 ነው፤ ያውም 21 ዓመት ለሞላቸውና በግል ቦታ ብቻ። የ1785ቱ ጽሑፍ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ከዚያም 11 ዓመት ቆይቶ፣ በ1978 ነው።