በጽጌረዳ እሾህ የተገለጠው የሰውነት ዘብ

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1882 ነው። በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ ባሕር ዳርቻ ባለ አንድ ቤት ውስጥ የ37 ዓመት ሩሲያዊ የእንስሳት ሳይንስ ተመራማሪ ብቻውን ቀርቷል። ቤተሰቡ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ትርኢት ሊያይ ወደ ሰርከስ ሄዷል። እርሱ ግን ገላው እንደ መስታወት የሚያሳየውን የባሕር ኮከብ እጭ በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ ነው። በእጩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሕዋሳትን ሲያይ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እነዚህ ሕዋሳት ሰውነትን ከወራሪ የሚጠብቁ ቢሆኑስ?

ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ በእጮቹ ገላ ውስጥ ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ያየው የገመተውን ነበር፤ ሕዋሳቱ እሾሁን ዙሪያውን ከብበውታል። ይህ ሰው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው።

ሜችኒኮፍ በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት አጠናቆ ለተጨማሪ ጥናት ወደ ጀርመን ተሻገረ። በአእምሮው የታደለ ቢሆንም ሕይወቱ ግን በኀዘን የተሞላ ነበር። በ1869 ሉድሚላን ሲያገባ ሙሽራይቱ በሳንባ ነቀርሳ ተዳክማ ስለነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ተይዛ ነው። ሞቃታማ አገር ይሻላታል ብሎ ከቦታ ቦታ ቢያዞራትም በ1873 በማዴይራ ደሴት አረፈች። ሜችኒኮፍ ኀዘኑን መሸከም አቅቶት ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ተረፈም።

በ1875 ኦልጋን አግብቶ ኑሮውን እንደገና ቢጀምርም፣ እርሷም በታይፎይድ ታማ ከሞት አፋፍ ደረሰች። በዚያ የጭንቅ ወቅት የሚያገረሽ ትኩሳት የያዘውን ሕመምተኛ ደም ወደ ራሱ ገላ አስገባ። በጽኑ ታመመ፤ ሆኖም ሰውነቱ በሽታውን ታግሎ አሸነፈ። በኋላም ዛር አሌክሳንደር ሁለተኛ መገደላቸውን ተከትሎ የኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሲታመስ ሥራውን ለቆ ወደ መሲና አቀና።

በዘመኑ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሕዋስያን እንደሚገኙ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ሕዋሳቱ በሽታውን ተሸክመው የሚያሰራጩ ይመስላቸው ነበር። ሜችኒኮፍ አስተሳሰቡን ገለበጠው፤ ሕዋሳቱ ተሕዋስያንን የሚውጡ የሰውነት ዘቦች ናቸው አለ። ከግሪክ ቋንቋ በተወሰደ ቃል ፋጎሳይት፣ ማለትም በላተኛ ሕዋስ ተባሉ። በ1884 ባወጣው ጥናት ደግሞ ዳፍኒያ በተባለች ትንሽ የውኃ ፍጥረት ላይ ሐሳቡን አሳየ፤ ሕዋሳቷ የሻጋታውን ዘር ውጠው ሲጨርሱ ትድናለች፣ ሲሸነፉ ትሞታለች።

በሮበርት ኮክ ዙሪያ የተሰለፉት የጀርመን ሊቃውንት ግን ሰውነትን የሚጠብቀው በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው ብለው ተከራከሩት። ክርክሩ ለዓመታት ዘለቀ። ሉዊ ፓስተር በ1888 ፓሪስ በሚገኘው ተቋማቸው ቤተ ሙከራ ሰጡት፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ አልተለየም። በ1908 የኖቤል ሽልማትን የፈሳሹን ወገን ከሚወክለው ከፖል ኤርሊክ ጋር ተካፈለ። ሁለቱም የእውነቱን ከፊል ይዘው ነበር።

በስተርጅናው የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ የእርጎ በረከት ነው ብሎ በማመን የረጋ ወተት አዘውትሮ ይጠጣ ነበር። እርጎ ዕድሜን ያረዝማል የሚለው እምነቱ እርሱ እንዳሰበው ባይረጋገጥም፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ጥቅም ለሚመረምሩ በር ከፍቷል። በ1916 በልብ ሕመም በ71 ዓመቱ ሲያርፍ አመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ተደረገ።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ፤ ዘቡ ወዳጅን ከጠላት በምን ይለያል? በ1989 አሜሪካዊው ቻርለስ ጄንዌይ፣ ሕዋሳት በተሕዋስያን ላይ ብቻ የሚገኙ ቅርጾችን የሚለዩበት ተቀባይ አላቸው ሲል መላ ምት አቀረበ። በ1996 የጁልስ ሆፍማን ቡድን ቶል የተባለው ዘረ መል የፍራፍሬ ዝንብን ከሻጋታ እንደሚጠብቅ አሳየ። በ1998 የብሩስ ቦይትለር ቡድን ተመሳሳዩ ተቀባይ በአይጥ የባክቴሪያን ግድግዳ ስብ እንደሚለይ አረጋገጠ። ሁለቱ በ2011 ከራልፍ ስታይንማን ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ይህ ዕውቀት ዛሬ መድኃኒት ሆኗል። መርዛማነቱ እንዲቀንስ የተደረገ የባክቴሪያ ስብ አርቲኤስ፣ኤስ በተባለው የወባ ክትባት ውስጥ ገብቶ ዘቡን ይቀሰቅሳል። ኢሚኪሞድ የተባለው ቅባትም በሌላ ተቀባይ በኩል ሕዋሳትን አንቅቶ አንዳንድ የቆዳ ካንሰሮችን ያክማል። ቅስቀሳው ልክ ካጣ ግን ዘቡ የራሱን ቤት ያፈርሳልና፣ ተመራማሪዎች ማንቃቱን ብቻ ሳይሆን ማብረዱንም እየፈለጉ ነው።

ሁለት ጊዜ ከሕይወት ሊሰናበት የቃጣው ሰው፣ የሰው ገላ ለመኖር የሚያደርገውን ትግል ለዓለም አሳይቶ አለፈ።